ለሁሉም የሚሆን

«ለሁሉም የሚሆን ይሁን» ነበር ያለችኝ እትዬ። ቃሉን ከዚያ ወዲህ ገልብጬም አገላብጬም አይቼዋለሁ፣ እንከን አልወጣለትም። ጥፋቱ የጆሮዬ ነው። የደወለችው ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ሳለሁ ነው፤ ታላቅ እህቴ ሰው መልስ መስጠት የማይችልበትን ሰዓት መርጣ ነው የምትደውለው። «ሚጢ፣ ዛሬ እማዬን ይዘሽ ውጪና ለመንገዱ ሻርፕ ምረጪ። አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል፣ እዚያም ከተማው ቀዝቃዛ ነው ይላሉ። ለሁሉም የሚሆን ይሁን። መቼም አንቺ ለጨርቅ ዓይን አለሽ። አመሻሽ ላይ ይዘሽልኝ ነይ፣ ሁላችንም እኔ ቤት ነን።» አረፋ አፌን እንደሞላው «እሺ» አልኳት። ለሁሉም፣ ሁላችንም። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? አርባ ዓመት አልፎኝ ዛሬም ሚጢ ነው የምባለው፤ ግድ የለም፣ ለሚጢም ሻርፕ ታዘዘላት ብዬ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ነገሩ የጩጬ ሠርግ ነው። ጩጬ የሁላችንም ታናሽ ነው፤ ዛሬ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ትልቅ ሰውዬ ሆኗል፣ ቅጽል ስሙ ግን እንደኔው ከልጅነት ሳይወጣ ቀረ። እማዬ በፈረቃ ትሠራ በነበረበት ጊዜ ያዘልኩት፣ ያጠብኩት፣ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። የሱ ልጋግ ያልነካው ልብስ አልነበረኝም። እትዬ ያኔ ታጠና ነበር፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼም ያጠና ነበር፣ እኔ ደግሞ አዝል ነበር። አሁን ጩጬ ራቅ ያለ ከተማ ሥራ ይዞ እዚያው ሊያገባ ነው። ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ያን ልጅ ሙሽራ ሆኖ ማየት ነው። ይህን ግን አፌን ሞልቼ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በቤታችን የሚፈልገውን የሚናገር ሰው እትዬ ብቻ ናት፤ ሌሎቻችን እሷ እስክትፈልግልን እንጠብቃለን።

ደግሞስ ለምን ልጠራጠር? ሰው ሲታመም ሚጢ ትጠራ፣ ሰው ሲወልድ ሚጢ ትጠራ፣ ቤት ሲቀየር ሚጢ ካርቶን ትሸከም። ፎቶ ሲሆን ደግሞ ሚጢ ታንሳን። የቤተሰቡን አልበም ብትገልጡት እኔ በሕፃንነቴ የሞትኩ ነው የሚመስላችሁ። ታዲያ ደስታ ሲመጣ ይጠሩኛል ብዬ ማሰቤ ነውር ነው? የትኬቱን ነገር የያዘችው እትዬ ናት። ጋሼን መታወቂያህን ላክ ብላዋለች፣ ሚስቱንም ብላታለች፣ የእማዬን ራሴ ነኝ በስልኬ አንስቼ የላክሁላት። የኔን አልጠየቀችኝም። የኔ ድሮውንም እጇ ላይ አለ ብዬ አሰብኩ፣ ከየት እንደሚኖራት ግን ራሴን አልጠየቅሁም። ማመን ፈልጌ ስለነበር ቀዳዳውን ሁሉ በገዛ እጄ ደፈንኩት።

መጀመሪያ ወደ ሥራ ሄድኩ። የምሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ የሰው ኮት እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰካለሁ፣ እድፉን ከባለቤቱ ጋር ሆኜ አየዋለሁ። እድፍ ያመጣ ሰው ሁሉ ጣቱን እድፉ ላይ አድርጎ «ይሄ ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጃ» ይላል። ቤቱ በእንፋሎት የታፈነ ነው፣ ግድግዳው ሁልጊዜ ያልበዋል፣ ከኋላ የሚተኩሱት ልጆች ሬዲዮና ካውያ እኩል ያስጮኻሉ። የሱቁን ባለቤት ማዳም ነው የምንላቸው፤ ፈቃድ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወገባቸውን ያማቸዋል። ያን ዕለትም ወዲያው ያዙት። «ሳምንት ሙሉ? ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ። ማንም አልሞተም፣ ወንድሜ ሊያገባ ነው አልኳቸው። «ሠርግ በአንድ ቀን ያልቃል» አሉ። በአውሮፕላን ነው የምንሄደው ስላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አዩኝ። እንደ አዲስ እድፍ ነው ያዩኝ። ቢሆንም ያልወሰድኩት ፈቃድ ተከማችቶ ስለነበር የሚከለክሉበት መላ አጡና ፈረሙልኝ። ስወጣ «ነጭ ነገር ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ መንገድ ላይ ያድፋል» አሉኝ። በማዳም አፍ ይህ ምርቃት ነው።

እማዬ ለባብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። የምንኖረው እሷና እኔ ብቻ ነን። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ በሩ አልዘጋ እያለ በታጠፈ ወረቀት የሚወተፍ ቁምሳጥን፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ሥራ የፈታ የስፌት መኪና። ለመንገዱ የተገዛላት ሻንጣ ከነላስቲኩ ጥግ ላይ ቆሟል። «እትዬ ደወለችልኝ፣ ለሁሉም ሻርፕ ምረጪ አለችኝ» አልኳት። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ፣ አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ዘጋችው። «ለሁሉም አለች?» «አዎ።» «እንግዲህ እሷ ካለች» አለችና የሌለ አቧራ ከጉልበቷ ላይ አራገፈች። ታክሲ ውስጥም ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ተቀመጠች። እማዬ ዝምታ ታውቅበታለች፤ እትዬ በጮኸች ቁጥር ዝም እያለች ነው እዚህ ዕድሜ የደረሰችው። እኔም ደስታዬ አላስቀምጥ ስላለኝ ለሁለታችንም አወራሁ። ሠርጉ ላይ ምን እንደምለብስ፣ ጩጬን መጀመሪያ ሳየው ምን እንደምለው፣ ከሰው ፊት እንዳላለቅስ ምን እንደማደርግ፣ ሁሉንም አወራሁላት። ሾፌሩ እንኳ እንኳን ደስ አላችሁ አለን። እማዬ አሜን አላለችም።

ሻርፕ ቤቱ ፎቅ ሥር ያለ ረጅም ጠባብ ሱቅ ነው፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ታጥፎ በተደረደረ ጨርቅ የተሞላ። ከመግቢያው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ከበታቹ ደግሞ ባለሱቁ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ቀጭን ሰው ነው፣ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ የለጠፈ፣ አነጋገሩም እንደ ሐኪም ነው። «በረራው ረጅም ነው? እማማ፣ እርስዎን የሚበርድዎት ትከሻዎን ነው አንገትዎን?» እማዬ ሁሉንም ይበርደኛል አለችው። አንድ አመድማ ሻርፕ ስቦ አወጣና ራሱ ላይ ያሳየን ጀመር። አንገቱ ላይ ጠመጠመው፣ ትከሻው ላይ ጣለው፣ ወገቡ ላይ አሰረው፣ በመጨረሻም አጣጥፎ ጉንጩ ሥር አደረገና ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። «በመንገድ ብርድ ልብስ፣ ሲደክም ትራስ፣ ለግብዣ ካባ፣ ለአዘቦት ደግሞ እንዲህ ጣል ነው። አንድ ጨርቅ፣ ለሁሉም የሚሆን» አለ። እትዬ ያለችውን ቃል በቃል ደገመው። እዚያች ላይ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ጆሮዬ ግን ጠዋት የሰማውን ይዞ አልለቅም ብሏል። «እኛ እንኳን ለአራት ሰው ነው የምንፈልገው» አልኩት። ፊቱ በራ፣ መሰላሉንም ጎትቶ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣ።

ከዚያማ ቁም ነገሩ ተጀመረ። የመንገድ ሻርፕ ጨብጠውት የሚጨማደድ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ አያድርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በጡጫዬ አፍኜ ቆየሁና ለቀቅኩት። ሐሩ ተኝቶ እንደተነሳ ሰው ፊት ተጨማደደ፣ ተውኩት። ነይሎን ያለበት ፀጉሬን ሲነካ ተንጣጣ፣ እሱንም ተውኩት። ወፍራሙ ሱፍ ይሞቃል፣ ግን አንገት ያሳክካል፣ ሲታጠፍም የሻንጣውን ግማሽ ይወስዳል። ደህናው ስሱ ሱፍ ነው፤ ሲጨብጡት እጅ ውስጥ ያልቃል፣ ሲዘረጉት ትከሻ አልፎ ይወርዳል። ለእትዬ ጥቁር ሰማያዊ መረጥኩላት፣ ዘርፍ የሌለው፤ ዘርፍ ካለው፣ ሰው እያማች ስትጎነጉነው ውላ ትጨርሰዋለች። ለጋሼ ሚስት አበባ የበዛበት፣ አበባ የሌለበት ልብስ ራቁት የቀረች ስለሚመስላት። ለእማዬ ያን ሰፊውን አመድማ፣ ከሁሉም ቀሚሷ ጋር የሚሄደውን። ጋሼን ተውኩት፣ ወንድ አይበርደውም ባይ ነው። ለራሴ ከታችኛው ቅርጫት አንድ የጥጥ አነሳሁ፤ ሦስት ጊዜ ቢታጠብ እንደሚሰናበት አውቃለሁ፣ ግን ለሠርጉ ይደርሳል።

ይህን ጊዜ እማዬ የቀኑን ረጅም ንግግሯን አደረገች። «አስቀምጪው። ያንቺ የተሻለ ይሁን» አለችኝና ባለሱቁን በአገጯ ላይኛውን መደርደሪያ አሳየችው። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ስስ ሱፍ ነው፣ ዳር ዳሩ በእጅ የተለቀመ። ዋጋውን ሲነግረን ሳቅኩ። እምቢ ብል እማዬ አልሰማ አለች፣ እኔ ነኝ የምከፍለው አለች፣ ቦርሳዋንም ከፈተች። ትከሻዬ ላይ ራሷ ጣል አደረገችልኝ፣ ጫፉን አስተካከለች፣ እጥፋቱን በመዳፏ ደባበሰች፣ ዓይኔን ግን አላየችውም። አንጀቴን በላችው። በዕድሜዬ አንዴ እናቴ ከእትዬ አስበለጠችኝ ብዬ እንባዬ ቀረረ። እትዬ የላከችው ገንዘብ ለአንድ ደህና ሻርፕ የሚሆን ነበር፤ የገበያ ዋጋ የት ታውቃለች ብዬ የሌሎቹን ከራሴ ሞላሁ።

ሲደክመን አጠገቡ ያለ ጁስ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ወይን ጠጁን አላወለቅኩትም፣ ሙቀቱ እየገደለኝ። እማዬ ብርጭቆዋን በማንኪያ ስታማስል፣ ስታማስል ቆየችና «ሚጢ» አለችኝ። አቤት አልኳት። «ቀለሙ ይሄድብሻል።» ከዚያ ማማሰሏን ቀጠለች። ምን ልትዪኝ ነው ብላት «ምንም፣ እትዬ ታጫውትሻለች» አለች። ሆቴል ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር መሰለኝ። ከእማዬ ጋር ቢያደርጉኝ ደስ ይለኛል፣ ታንኮራፋለች እንጂ አትጨቀጭቅም ብዬ አሰብኩ። ጁሱን ሳትጨርሰው ተነሳን።

የእትዬ ሳሎን ለመቀመጫ አልተሠራም፣ ለመታያ ነው። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀለትም፤ ገና ስትቀመጡ ይጮህባችኋል። መስታወቱ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ ፍራፍሬ አለ፣ ግድግዳው ላይ እኔ ያነሳኋቸው ፎቶዎች። ጋሼ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ ሚስቱ ጥፍሯን ታያለች። ከረጢቱን ከፍቼ አንድ በአንድ ዘረጋሁላቸው። የጋሼ ሚስት አበባዋን ለቀም አድርጋ መስታወት ፍለጋ ሄደች። እትዬ ሰማያዊውን ለበሰችው፣ ወደደችው፣ ስለወደደችውም «ትንሽ ጠቆረ» አለች። ከዚያ ጠረጴዛውን ቃኘችና ግንባሯን ቋጠረች። «ምንድነው ይሄ ሁሉ? ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ? ለሁሉም የሚሆን ነው እኮ ያልኩሽ።»

«ለሁሉም ነዋ» አልኳት። «ያ ያንቺ፣ አበባው የሷ፣ አመድማው የእማዬ፣ ይሄ ደግሞ የኔ።»

ጋሼ ከስልኩ ቀና አለና እትዬን አየ፣ እትዬ እማዬን አየች፣ እማዬ ምንጣፉን አየች። ቀድማ የሳቀችው እትዬ ናት። «ወይ ሚጢ። ለሁሉም ማለት እኮ ለሁሉም ነገር ማለት ነው። ለመንገዱም፣ ለብርዱም፣ ለሠርጉም የሚሆን አንድ ሻርፕ ለእማዬ። ለሁሉም ሰው መች አልኩሽ?» ከዚያ ድምፅዋን አለሳለሰች፤ የሰው ጉልበት ስትፈልግ የምታወጣው ድምፅ ነው። «አንቺማ የኔ እናት እዚህ ነሽ። ቀለም ቀቢዎቹ ሰኞ ይገባሉ፣ ቤቱን ለማላውቀው ሰው ከፍቼ ልሂድ?» ጋሼ ተቀብሎ «የኛም ውሻ እዚህ ሊቀመጥ ነው» አለ። ሚስቱም ከመስታወቱ ዘንድ «ከሌላ ሰው እጅ አይበላም» አለች። እትዬ ወይን ጠጁን በሁለት ጣቷ ከትከሻዬ ላይ ቆንጠር አድርጋ አየችው። «ይሄንንማ ነገ መልሺው፣ ለማትሄጂበት ገንዘብሽን አታባክኚ» አለችኝ። ለኔ አስባ ነው እንግዲህ።

ጉዳዬ ይኸው ነው። ከጩጬ ሠርግ የሚያስቀሩኝ ጥቂት ባልዲ ቀለምና አንድ የተቀናጣ ውሻ ናቸው። «አንቺ ታውቂ ነበር?» አልኳት እማዬን። አመድማ ሻርፗን ታጥፈው ነበር፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ከእትዬ አላስበለጠችኝም፤ ካሳዬን ነው ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረገችልኝ፣ ቀድማ፣ ሳልጮህ። ብቻዬን ሆኜ ቢሆን እዚያው ምንጣፉ ላይ እቀመጥ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተነስቼ ዕቃውን አጣጥፌ፣ ውሻው ምን ምን እንደሚበላ ጠይቄ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ለምጄዋለሁ።

የእትዬ ስልክ ጠራ። ጩጬ ነው፤ ሠርጉ ከቀረበ ወዲህ ሁሌ አመሻሽ ላይ ይደውላል። እትዬ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው፣ ይህም ልማዷ ነው። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ አዳራሹ፣ መኪናው፣ ብርዱ ተነሳ። ከዚያ «እታለም የለችም እንዴ?» አለ። እታለም የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። አለሁ አልኩት። «እታለም፣ እንደው ምናለ ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሞክሪው? ትንሽ ሰዓት እኮ ነው። እማዬ እጅሽን ትይዝሻለች።» ምኑን ነው የምሞክረው ስለው «አውሮፕላኑን ነዋ። እትዬ ነገረችኝ፣ በጣም ነው የምትፈራው፣ ስታስበው ያማታል አለችኝ። እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው እስከዛሬ ዝም ያልኩት። ወንበርሽን ግን ከእማዬ ጎን ትቼዋለሁ፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም» አለኝ።

አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ቀና ብዬ አይቼ ይሆናል እንጂ አጠገቡ ቆሜ አላውቅም፣ በምን አውቄው እፈራዋለሁ? ጋሼ የሚኖርበት ፎቅ ላይ ድሮ አንዴ መብራት ጠፍቶ ሊፍት ውስጥ ቀርቼ ጮኼ ነበር። እትዬ ከዚያች ጩኸት ቀጥላ፣ ክንፍ አብጅታ፣ አውሮፕላን ሠርታልኛለች። ቀለሙንም ውሻውንም ችዬው ነበር። ይሄ ግን በኔ ስም የተነገረ ነው፤ ያሳደግኩት ልጅ ፈርታ ቀረችብኝ እያለ ሲያዝን ሰንብቷል። እትዬን አየኋት፣ ሰማያዊውን ሻርፕ ታስተካክላለች። ሰው እንዴት ዓይኑን በጨው ያጥባል?

«ጩጬ» አልኩት፣ «በአውቶቡስ ይመጣል?»

«ይመጣል፣ ግን ሁለት ቀን ነው፣ ይንጥሻል እታለም።»

«አውቶቡስ አልፈራም። ወንበሬን እንዳትሰጥ።»

ደስታው ከስልኩ ሲወጣ ሳሎኑን ሞላው። እትዬ ቶሎ ብላ ዘጋችው። «አትቀልጂ ሚጢ። ነገሩን አጋነንኩት እንዴ፣ ትንሽ ትፈራለች አልኩት እንጂ... ደግሞ ሥራሽስ?» ማዳም ፈቅደውልኛል አልኳት። «እሺ ቁልፉስ? ቀቢዎቹን ማን ይከፍትላቸዋል?» የሷን ቤት ትርፍ ቁልፍ ከቤታችን ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ነው የምይዘው፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ። ማውለቅ ጀመርኩ። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፣ ጥፍሬ ተሰበረ፣ ማንም አላገዘኝም፣ ማንም አላስቆመኝም። ሲወጣልኝ መስታወቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፕላስቲኩ ሙዝ አጠገብ አስቀመጥኩት። «ሻርፑንም አልመልሰውም፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል ሱቁ» አልኳት። እትዬ ቁልፉን አላነሳችውም። ወደ እማዬ ዞረች። «እማዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪያት፣ አንቺን ትሰማለች።»

ሁላችንም የእማዬን ዝምታ ጠበቅን፤ እትዬም ጠብቃ የነበረው እሱን ነው። እማዬ አመድማውን ሻርፕ ዘረጋችው፣ ትከሻዋ ላይ አደረገችው፣ ሁለቱን ጫፎች እኩል አደረገቻቸው። «ውሻውን በኔ ቦታ ውሰዱት» አለች። «ትኬቱ ተከፍሎበታል። እኔ ከልጄ ጋር በአውቶቡስ እሄዳለሁ።» ከዚያ ላስቲኩን እያስጮኸች ተነሳች። ጋሼ «እማዬ፣ ወገብሽ...» ብሎ ጀመረና ተወው። የእማዬን ክንድ ያዝኩ። አላቀፍኳትም፣ ይቅርም አላልኳትም፤ እሱ በመንገድ ላይ የሚታይ ነው፣ ሁለት ቀን አለን። ቀኑን ሙሉ ልትነግረኝ የፈለገችው ይህን ይሁን ሌላ አልጠየቅኋትም።

በሩ ላይ ስንደርስ እትዬ ቁልፉን ይዛ ተከተለችን። ሻርፑ ከአንድ ትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጠርጋል፣ አላየችውም። «ቆይ እንጂ፣ ታዲያ ሰኞ ማን ሊውል ነው እዚህ? ቀቢ አለ፣ ውሻ አለ፣ ውሃ የሚመጣው ሲመጣ ነው፣ ማን ላድርግ እኔ አሁን?» አለች። እውነትም ግራ ገብቷት ነበር፤ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«ለሁሉም የሚሆን ሰው ምረጪ» አልኳት። «መቼም ዓይን አለሽ።»